ባልዲው ያለበት ካሴት

የጋሼ ዘውዱን ማረፍ የነገረችኝ ነጠላ ልትገዛ የመጣች ሴት ናት። እኔ አሁን ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ እሸጣለሁ። ሴትየዋ ጥቁር ጥለት ያለው መረጠችና ጫፉን በጣቷ እያሸች፣ "ለጎረቤት ልቅሶ ነው። አንቺ አትደርሺባቸውም፤ እዚሁ መርካቶ ካሴት ይሸጡ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ዘውዱ ይባላሉ" አለችኝ። ነጠላውን አጣጥፌ ሰጠኋት። እደርስባቸዋለሁ፣ አራት ዓመት ሙሉ አብሬያቸው ውያለሁ፣ ስሜን እንደሳቸው አድርጎ የጠራኝ የለም፤ ይህን ሁሉ አላልኳትም። "ነፍስ ይማር" ብቻ አልኩ። እሱንም የሰማችኝ አይመስለኝም።

ከሄደች በኋላ ጋቢዎቹ መካከል ተቀምጬ አንድ የፈረንጅ ሮክ በሆዴ አዜምኩ። በነጠላ ሱቅ ውስጥ፣ በማላውቀው ቋንቋ። ለጋሼ ዘውዱ ከዚህ ሌላ ምን ዓይነት ለቅሶ እንደሚስማማቸው አላውቅም ነበር።

የሳቸው ሱቅ ከዚህ በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። ዛሬ ቦታው ላይ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል። ያኔ የጭቃ ግድግዳና የዛገ ቆርቆሮ ነበር፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቀራል። ከወለል እስከ ጣራ ካሴት ተደርድሯል፤ በስተግራ የአማርኛ፣ በስተቀኝ የፈረንጅ። ከባንኮኒው ጀርባ ሁለት ቴፕና አንድ የሸክላ ማጫወቻ አለ። ከበሩ በላይ ስፒከር ተሰቅሏል፤ ባንኮኒው ላይ ደግሞ ማይክ አለ። አዲስ ነገር ሲገባ ጋሼ ዘውዱ ማይኩን አንስተው ለመንገደኛው ይናገራሉ። "ገብቷል፣ ገብቷል! ያልሰማ ይስማ፣ የሰማ ይድገም!" ይሄን ማይክ ልብ በሉልኝ።

እዚያ ሱቅ ስገባ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቁሜ ከጎጃም የመጣሁት ተክለ ሃይማኖት ወዳለችው አክስቴ ዘንድ ነው። ይዛኝ የሄደችውም እሷ ናት።

"ዘውዱ፣ ይቺ የወንድሜ ልጅ ናት። ስንዱ ትባላለች። አትናገርም እንጂ እጇ ፈጣን ነው" አለቻቸው።

ጋሼ ዘውዱ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አዩኝ። "አትናገርም? እሰይ! እዚህ ቤት የሚናገር ሞልቷል" አሉና በእጃቸው ግድግዳ ሙሉ ካሴቱን አሳዩን።

ዓይን አፋር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ደንበኛ ሲገባ የጠየቀውን አቀብላለሁ እንጂ ቃል አይወጣኝም። ቢወጣኝም ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ጋሼ ዘውዱ በዚህ ተቆጥተውኝ አያውቁም። አንዳንዴ ብቻ ካሴት እያጠነጠኑ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ "ስንዱ፣ ድምፅሽን ለማን ነው የምታስቀምጪው?" ይሉኛል። መልስ ግን አይጠብቁም።

አጭር ሰው ነበሩ። ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ ይለብሳሉ። ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ እስክርቢቶ አለ፤ ክሩ የተዘረገፈ ካሴት ማጠንጠኛ ነው እንጂ ሲጽፉበት አይቼ አላውቅም። ሸክላ ሲይዙ ፊቱን አይነኩትም፤ በሁለት መዳፋቸው ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ያስቀምጡታል። በወጣትነታቸው አንድ ሆቴል ውስጥ ሸክላ ቀያሪ ነበሩ። ሰው ሲጨፍር እሳቸው ጥግ ቆመው ቀጣዩን ይመርጣሉ። "ሲጨፍሩ ጀርባቸውን ነበር የማየው። የሰው ጀርባ አይዋሽም፤ ዘፈኑን ወዶት እንደሆነ ከትከሻው ታውቂያለሽ" ይሉኝ ነበር። የሳቸው ወጣትነት አልበሞች በዚህ መንገድ የኔ ወጣትነት አልበሞች ሆኑ። ጓደኞቼ አዳዲሱን የአማርኛ ሲሰሙ እኔ ከመወለዴ በፊት የተዘፈነ ሮክ እያንጎራጎርኩ ክር እጠቀልላለሁ።

እንግሊዝኛ ሁለታችንም አናውቅም። ስለዚህ አልበሞቹን በሽፋናቸው ነበር የምንጠራቸው። "ፈረሱ" የሚባለው ሽፋኑ ላይ ነጭ ፈረስ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመበት ነው። ጠዋት ሱቅ ስንከፍት እሱን ነው የምንለቀው፤ ከበሮው ወለል ያስጠርጋል። "ሰማያዊዋ" ዓይኗን ጨፍና ጉንጯን መስኮት ላይ ያስደገፈች ዘፋኝ ናት፤ እሷን ደግሞ ከምሳ በኋላ፣ ገበያው ትንሽ ጋብ ሲል። "ሐዲዱ" አራት ጸጉራቸው የረዘመ ጎረምሶች የባቡር ሐዲድ ላይ ተራርቀው የቆሙበት ነው። እሱን ሰዓት አንመርጥለትም ነበር። የካሴቶቹ ጀርባ ላይ እነዚህን ስሞች በአማርኛ የምጽፈው እኔ ነኝ። ጽሕፈቴ የተስተካከለው እዚያ ነው።

አንድ ቀን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጥቶ የአንዱን አልበም ስም በእንግሊዝኛ ጠራ። ጋሼ ዘውዱ ደጋግመው አስጠሩትና፣ "የለንም፣ ሰምተነውም አናውቅ" አሉት። ልጁ ቀና ብሎ ግድግዳውን ሲያይ፣ "ያውና! እሱ አይደለም እንዴ?" አለ።

"እሱማ ፈረሱ ነው! መጀመሪያውኑ ፈረሱ አትልም ነበር? ሰው እያደከምክ!"

ዘፈኖቹ ስለምን እንደሚያወሩ ግን ያስረዱኝ ነበር። ቃሉን ሳይሆን ድምፁን እየሰሙ። "ይሄ ሰውዬ በር ላይ ቆሟል። አንኳኩቷል፤ መብራቱ በርቶ ይታየዋል፤ ግን የሚከፍትለት የለም። ስሚው አሁን፣ ሁለተኛ ሊያንኳኳ ነው።" እኔም በሩ ይታየኛል። ከዓመታት በኋላ እንግሊዝኛ የምታውቅ ልጅ ያን ዘፈን ሰምታ ስለ መኪና ነው አለችኝ። ይሁንላት። ለኔ ሰውየው እስከ ዛሬ በር ላይ ነው።

ሌላው ጠባያቸው ዘፈን አለቀ ብለው ቴፕ አያጠፉም። የመጨረሻው ድምፅ ጠፍቶ እንኳ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ሆኖ ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ቸኩዬ ስዘጋው እጄን ያዙኝ። "ቆይ እንጂ! ዘፈን እንግዳ ነው። ቤትሽ ገብቶ አጫውቶሽ ሲወጣ ከመቀመጫሽ ሆነሽ ደህና ሁን ትይዋለሽ? በሩ ድረስ ይሸኛል።" ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም ዝም ብለን ባዶው ክር "እሽሽ" ሲል እናዳምጣለን። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። አንዳንዱ "ምን እየሰማችሁ ነው?" ይላል። ጋሼ ዘውዱ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ።

አሁን ወደዚያ ወደ ሐምሌ ቀን ልምጣ።

አንድ ጡረታ የወጡ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ የ"ሐዲዱ" ዋናው ሸክላ ነበራቸው። እኛ ጋ የነበረው ከካሴት ላይ ካሴት ሲገለበጥ የደከመ፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ነበር። ሰውየው ኑሯቸውን ጠቅልለው ሐዋሳ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ሲሉ ሸክላውን ይዘው መጡ። "ዘውዱ፣ ሲለምኑኝ ኖረዋል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ። ነገ ማለዳ መንገደኛ ነኝ" አሉ። ጋሼ ዘውዱ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። ሹራባቸውን አራገፉ፣ መርፌዋን ጠረጉ፣ አዲስ ካሴት ፈቱ። ይሄ ካሴት ማስተር ይሆናል፤ ከሱ ላይ ለደንበኛ ሁሉ ይገለበጣል።

አንደኛው ፊት በሰላም አለቀ። ሁለተኛው ፊት ሦስተኛ ዘፈን ላይ አንድ ቦታ አለች። ከበሮው፣ ሌላው ሁሉ ድንገት ይቆማል፤ አንድ ጊታር ብቻ ይቀራል፤ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ በእግር ጣቱ እንደሚሄድ ሰው። ጋሼ ዘውዱ እዚች ቦታ ስትደርስ "እዚች ጋ!" ብለው ጣታቸውን ያነሳሉ። ያን ቀን ጣታቸውን አላነሱም። ዝናቡ በርትቶ ነበር፤ ጣራው ልክ ከማጫወቻው በላይ ማፍሰስ ጀመረ። በሹራባቸው ሸክላውን ከልለው፣ ሹራቡን በሁለት እጃቸው ወጥረው እንደ ቆሙ፣ በር ላይ ወደ ነበርኩት ወደኔ ጮሁ። ማይኩ ጠዋት ለማስታወቂያ እንደበራ ነበር፤ ሽቦው ደግሞ ከሚቀዳው ቴፕ ጋር የተያያዘ ነው።

ያወቅነው ሰውየው ሸክላቸውን ይዘው ከሄዱ በኋላ ነው። ማስተሩን ልንሰማ ተቀመጥን። ጥርት ያለ፣ ውሃ የመሰለ ድምፅ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከበሮው ቆመ፣ ጊታሩ ብቻውን ቀረ፤ ከዚያ ጋሼ ዘውዱ መጡ።

"ስንዱ! ኧረ ባልዲ! ባ–ል–ዲ በይ!"

ከዚያ በጣም ቀጭን፣ ጆሮ ካልተጠጋ የማይሰማ፣ "መጣሁ" የሚል የኔ ድምፅ። ከዚያ የቆርቆሮ ባልዲ ወለል ላይ ሲቀመጥ "ቋ!" እሱን ተከትሎ ከበሮው እንዳለ ገባ።

ጋሼ ዘውዱ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ቆዩ። ሸክላው ነገ ሐዋሳ ነው። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ሰማሽ ስንዱ? ከበሮ መቺው እኮ ባልዲውን ጠብቆ ነው የገባው!"

"ጋሼ፣ እባክዎ ያጥፉት" አልኳቸው። ፊቴ ነዶ ነበር።

"ምኑን ላጥፋ? አንቺን ሳጠፋ ዘፈኑም ይጠፋል። ደግሞስ የሮክ ባንድ ውስጥ የገባች ጎጃሜ ከአንቺ በፊት ማን አለ?"

እንዳለ ተገለበጠ። ያን ክረምት እንደ "ሐዲዱ" የተሸጠ አልነበረም። ሁለት ወር ሳይሞላ ስሙ ተቀየረ፤ ሰው እየመጣ "ባልዲው አለ?" ይል ጀመር። በታክሲ ስሄድ ስሜን ከስፒከር እሰማዋለሁ። ልብስ ሰፊዎቹ በደጃቸው ሳልፍ መኪናቸውን አቁመው፣ "ስንዱ! ባልዲ በይ!" ይላሉ። አንዱማ እውነተኛ ባልዲ ይዞ ጠበቀኝ። እነሱ ለጨዋታ ነው፤ አሁን ሳስበው ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን መንገድ እየቀየርኩ፣ በሰው ጓሮ እየዞርኩ ሱቅ እገባ ነበር። ድምፄን ከሰው ደብቄ የኖርኩ ልጅ፣ እነሆ ድምፄ ያለኔ ፈቃድ በከተማው ይዞራል።

ከዚያ በኋላ ካሴት ብዙ አልኖረም። መጀመሪያ ሲዲው፣ ቀጥሎ ፍላሹ፣ ቀጥሎ ስልኩ መጣ። ሰፈሩም ሊፈርስ ነው ተባለ። ጋሼ ዘውዱ በመጨረሻው ሳምንት ካሴቶቹን በጆንያ አስሞልተው አሮጌ ዕቃ ለሚገዙ የምን አለሽ ተራ ሰዎች ሰጡ። አላለቀሱም፤ አንድ ነገር ብቻ አደረጉ። ማስተሩን ከሹራባቸው ኪስ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት።

"ይቺን አንቺ ያዣት። ሁለታችንም አለንባት" አሉኝ።

ቴፖቹን ሊያስጭኑ ወደ ውጭ ሲወጡ፣ አፉ ያልታሰረ ጆንያ አጠገቤ ነበር። ካሴቱን እሱ ውስጥ ወረወርኩት። እውነቱን ልጻፍ፤ ቀለለኝ። ባልዲ የሚለኝ ከእንግዲህ አይኖርም ብዬ። ጋሼ ዘውዱ ተመልሰው ሲሰናበቱኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ "አደራ" አሉኝ። እኔም "እሺ" አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሄጄ ልጠይቃቸው እያልኩ፣ ካሴቱን ቢያነሱብኝስ እያልኩ፣ ዓመት በዓመት ላይ ሄደ።

ለሠልስቱ ቤታቸውን አጠያይቄ ልቅሶ ሄድኩ። ከተማው ዳር ካለ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ እጃቸውን ዘረጉልኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ለቀስተኛው እስኪሳሳ ጠብቀው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ አልተናገረም እኮ ስንዱዬ። ጉሮሮው ታሞ ድምፁ ጠፋ። በእጁ ነበር የሚያወራኝ። ያ ሁሉ አፍ!"

"አልሰማሁም እትዬ" አልኩ።

"ፎቶው ይኸው። ልብሱ ይኸው። ድምፁን ግን ላስታውስ ስል አልመጣልኝ አለ። ሌሊት እየነቃሁ እሞክራለሁ፤ የሚመጣብኝ ያ ያለ ድምፅ የሚተነፍሰው ብቻ ነው። ደግነቱ ካሴቷ አንቺ ጋ ናት። ለስንዱ ሰጥቻታለሁ ብሎኝ ነበር። አለች አይደል?"

ዓይናቸውን አየሁት። "አለች" አልኩ።

"ለአርባው ታመጭልኛለሽ? አንዴ 'ባልዲ' ሲል ልስማውና ይበቃኛል።"

"እሺ" አልኩ። ይቺ "እሺ" የምትባል ቃል ሁልጊዜ ከጉሮሮዬ ያለ ችግር ትወጣለች።

በማግስቱ ምን አለሽ ተራ ወረድኩ። ከዚያም በየሁለት ቀኑ፣ ከሱቅ ፈቃድ እየጠየቅሁ። አንድ ሽማግሌ ዕቃ ገዥ ጆንያዎቹን ያስታውሷቸዋል። "የካሴቱ ሽማግሌ? አዎ፣ እኔ ነኝ የጫንኩት። ላስቲኩን አስፈጨነው። ክሩን ገበሬዎች ወሰዱት።"

"ገበሬ ምን ያደርግበታል?"

"ማሽላ ላይ ይወጥሩታላ! ነፋስ ሲመታው ይጮሃል፤ ወፍ አያስጠጋም።"

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ፣ የሆነ አገር፣ የሆነ ማሽላ ላይ፣ ጋሼ ዘውዱ ነፋስ ውስጥ ባልዲ ሲጠሩ ታየኝ። የሚመልስላቸው የለም።

አርባው ሊሞላ አምስት ቀን ሲቀረው ተስፋ ቆርጬ በምድጃ ሠሪዎቹ መሐል እያለፍኩ ነበር። መዶሻው ጆሮ ይበሳል። አንዱ ሠሪ ስልኩን በር ላይ ሚስማር ላይ ሰቅሎ ዘፈን ከፍቷል። ሁለት እርምጃ አልፌው ቆምኩ። "ሐዲዱ" ነው። ሁለተኛው ፊት፣ ሦስተኛው ዘፈን። ከበሮው ቆመ። ጊታሩ ብቻውን በእግር ጣቱ መሄድ ጀመረ። ሰውየው መዶሻውን አየር ላይ አቆመና፣ ቀና ሳይል፣

"ስንዱ! ኧረ ባልዲ! ባ–ል–ዲ በይ!" አለ።

ትንሽ ጠብቆ ቆርቆሮውን አንዴ መታ። ቋ! ከበሮው ገባ።

እግሬ ይዞኝ ሸሸ። ተራው ጫፍ ድረስ ሄጄ አንድ ግድግዳ ተደግፌ ቆየሁ። ለመመለስ ምን ያህል እንደፈጀብኝ አላውቅም። ስመለስ ሰውየው ሌላ ቆርቆሮ ይዟል። አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቅንድቡ ላይ ጥቀርሻ አለ።

"ምን ልታዘዝ እኅቴ? የከሰል ምድጃ ነው?"

"አይ… ባልዲው…"

"ባልዲ አልሠራም። ባልዲ ከታች ነው።"

"የዘፈኑ ባልዲ" አልኩ።

መዶሻውን አስቀመጠ። "የዘፈኑን ባልዲ የት ታውቂዋለሽ?"

"ስንዱ እኔ ነኝ።"

"አልሰማሁሽም፤ እዚህ ጮክ ነው የሚባለው።"

"ስንዱ… እኔ ነኝ።"

አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ዞረ። "ኧረ ጉድ! ስንዱ መጣች! የዘፋኙ ሚስት አይደለችም!" ለካ ካሴቱን በገዛበት ዘመን እሱና ጓደኞቹ ብዙ ተከራክረው፣ ዘፋኙ ሐበሻ አግብቶ ነው፣ ስቱዲዮ ውስጥ ውሃ ፈልጎ ሚስቱን ጠርቶ ነው ብለው ተስማምተው ነበር። "አማርኛው እንዴት ጠራለት እያልኩ እኮ ነው የኖርኩት!" አለኝ። ስሙ ጌታሁን ነው።

"ጋሽ ጌታሁን፣ ካሴቱ አለ?"

"የት አባቱ! ስንት ዓመቱ ቴፕ ከበላብኝ። ይሄን ልጄ ናት ስልኬ ላይ የጫነችልኝ፤ ግን ጎደሎ ነው። አንቺን አውጥተውሻል። እኔ ነኝ እየሞላሁ የምሰማው።" ትንሽ አሰብ አደረገና፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባልዲው ቂጡ የተሰነጠቀ ነበር አይደል? ድምፁ ያስታውቃል።"

"አዎ። ጋሼ ዘውዱ በማስቲካ ደፍነውት ነበር።"

"ብዬ ነበር!" ብሎ ጭኑን መታ።

እዚያው የምድጃ ክምር አጠገብ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጆንያውን ጭምር። በሕይወቴ ለማላውቀው ሰው ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። አብሮኝ እንዲሄድ ስለምነው ግን ራሱን ነቀነቀ። "የሰው ሐዘን ቤት ገብቼ ባልዲ ልበል? ሰው ምን ይለኛል? የሟችን ድምፅ ሲያስመስል ይሉኛል።" ደንበኛ መጣበት። ቤቱንና የምሄድበትን ቀን ነግሬው ሄድኩ።

ሰው መሐል መናገሩን ስለፈራሁ አርባው እስኪወጣ ጠበቅሁ። በማግስቱ፣ እሑድ ከሰዓት፣ የእትዬ ጽጌ በር ላይ ብቻዬን፣ ባዶ እጄን ቆሜ ሳለ ከደረጃው ሥር የቆርቆሮ ድምፅ ሰማሁ። ጌታሁን እያለከለከ አራተኛ ፎቅ ደረሰ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። በእጁ አዲስ ባልዲ ይዟል።

"ባልዲ አልሠራም አላልክም?" አልኩት።

"ባዶ እጅ አይመጣም ብዬ ነው" አለ።

እትዬ ጽጌ ከፈቱልን። መጀመሪያ ያዩት እጄን ነው። ሳልቀመጥ ተናገርኩ፤ ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቃለሁ።

"እትዬ፣ ካሴቱ የለም። ያን ቀን ከጆንያው ጨምሬው ነበር። ጥዬዋለሁ።"

"ጣልሽው?"

"ሰው ይስቅብኝ ስለነበር ነው።"

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉት። "እሱ እኮ ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ ስንዱ ጋ አለሁ ይል ነበር" አሉ። ከዚህ የከፋ ስድብ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ጌታሁንን አዩት። "እኚህስ ሰውዬ ማን ናቸው? ባልዲ ምን ይሠራል?"

ጌታሁን ላብ አጠመቀው። "እማማ፣ እኔ የባለቤትዎ ደንበኛ ነበርኩ። ብዙ ዘመን ነው የሰማኋቸው። ካልከፋዎት…" ብሎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መንካት ፈርቶ ወደኔ ገፋው። እኔ ከፈትኩት።

ዘፈኑ ጀመረ። እትዬ ጽጌ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለዋል። ከበሮው ቆመ። ጊታሩ ቀረ። ጌታሁን ጉሮሮውን ጠረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

"ስንዱ! ኧረ ባልዲ! ባ–ል–ዲ በይ!"

ድምፁ የሱ ነው፤ ወፍራም፣ መዶሻ የለመደ። ቃሉን የሚስብበት መንገድ ግን የሳቸው ነበር። "ባ" ላይ ወጥቶ፣ "ል" ላይ ተንጠልጥሎ፣ "ዲ" ላይ ራሱን ታዝቦ ሊስቅ የሚመስለው። እትዬ ጽጌ እጃቸው አፋቸው ላይ ሄደ። "እሱ ነው" አሉ። "እንዲህ ነበር የሚስበው።"

ጌታሁን ባልዲውን አንስቶ ይጠብቃል። ካሴቱን ስንት ዓመት ሲሰማ ያቺን ቀጭን "መጣሁ" ጨርሶ አልሰማትም ነበር፤ እዚያ ቦታ ላይ ለሱ ባዶ ነው። እትዬ ጽጌ ግን ቀና ብለው እኔን አዩ። እሳቸው ያውቋታል። ጊታሩ እየሄደ ነው፤ ለማንም አይቆምም።

"መጣሁ!" አልኩ።

ከኔ ወጣ ብዬ ለማመን እስኪያቅተኝ ጮኼ ነበር። ጌታሁን ደንግጦ ባልዲውን ወለሉ ላይ ጣለው። ቋ! ከበሮው ገባ።

እትዬ ጽጌ እያለቀሱ ይስቁ ነበር፤ የትኛው እንደሚበዛ አይታወቅም። ዘፈኑ እስከ መጨረሻው ሄደ። የመጨረሻው ድምፅ እየቀጠነ፣ እየራቀ ሲጠፋ ጌታሁን ስልኩን ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ። እትዬ ጽጌ ያዙት።

"ቆይ እንጂ ልጄ" አሉት። "በሩ ድረስ።"